በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚደርስ የሒሳብ ስሕተት፤ ምንጩና ማረሚያው

ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ፥ መዛኙ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን የተመዘነው ዕቃ ልክ ሊሆን አይችልም። ስለዚህም ልምድ ያለው ነጋዴ ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሠራተኛውን ከመውቀሱ በፊት ሚዛኑን ይመረምራል። ዛሬ የብዙው ነጋዴ መዝገብና የገንዘብ ሣጥን በኮምፒዩተርና በስልክ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶአል። ሽያጭ የሚመዘገበው፥ ደረሰኝ የሚወጣው፥ የመጋዘን ዕቃ የሚቆጠረው፥ ገንዘብም ከባንክ ወደ ባንክ የሚተላለፈው በዚሁ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ስሕተት በተገኘ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ሠራተኛው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ሒሳብ ያዡ ከደመወዙ ይከፍላል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ትሰናበታለች፤ በቦታዋ የተተካችው ሠራተኛ ግን ጥቂት ጊዜ ቆይታ ያንኑ ስሕተት ትደግመዋለች።

የዚህ ትምህርት ዓላማ፥ ለአጠቃቀም አስቸጋሪ ሆኖ የተሠራ ፕሮግራም በንግድ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማስረዳት፥ ጉድለቱም በጥቂት ወጪ እንዴት ተገኝቶ እንደሚታረም ማሳየት ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ክፍሎች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታላላቅ ድርጅቶች የተገኙ ሁለት ምሳሌዎች

ዲሴምበር 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ፥ ሚዙሆ ሴኩሪቲስ የተባለው ድርጅት ጄይ ኮም የተባለውን ኩባንያ አንድ አክሲዮን በ610,000 የን እንዲሸጥ ከደንበኛው ትእዛዝ ተቀበለ። ሠራተኛው ግን ቁጥሮቹን አቀያይሮ 610,000 አክሲዮን እያንዳንዱ በ1 የን ይሸጥ ብሎ አስገባ። ኩባንያው በጠቅላላው የነበሩት አክሲዮኖች 14,500 ብቻ ሲሆኑ፥ ፕሮግራሙ ከዚህ ከ40 ጊዜ በላይ የሚበልጠውን ትእዛዝ ሳይከለክል ተቀበለ። እርግጥ ነው፥ ዋጋው ከተለመደው ውጭ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ዘወትር የሚወጣ ስለ ነበረ ሠራተኛው አልፎት ሄደ። ስሕተቱ ታውቆ ትእዛዙን ለመሰረዝ በተሞከረ ጊዜም የገበያው የኮምፒዩተር ሥርዓት ስረዛውን ሳይቀበል ቀረ። በዚህ ምክንያት የደረሰው ኪሣራ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የቶኪዮ ፍርድ ቤት ከኪሣራው 10.7 ቢሊዮን የን ያህሉን የአክሲዮን ገበያው እንዲከፍል ፈረደ።

ሁለተኛው ምሳሌ የአሜሪካው ሲቲባንክ ነው። ባንኩ ኦገስት 11 ቀን 2020 ዓ.ም. ሬቭሎን ለተባለው የመዋቢያ ዕቃ ኩባንያ ላበደሩ ድርጅቶች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ለማስተላለፍ አስቦ፥ ዋናውን የብድር ገንዘብ ጭምር፥ በድምሩ 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፥ ከራሱ ካዝና ላከ። ዋናው ገንዘብ ከባንኩ እንዳይወጣ ለማድረግ በፕሮግራሙ ገጽ ላይ በሦስት ቦታ ምልክት ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ የተደረገው ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። ሥራውን ሦስት ሰዎች በየተራ ተመልክተውታል፤ ሦስቱም ትክክል መስሎአቸው ነበር። ከተላከውም ገንዘብ 500 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን ተቀባዮቹ አንመልስም ስላሉ ጉዳዩ ወደ ሙግት ደረሰ። በ2021 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለተቀባዮቹ ፈረደ፤ ይህ ውሳኔ በይግባኝ የተሻረው በ2022 ዓ.ም. ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስሕተቱን የሠሩት ሰዎች ሌቦች ወይም ሥራውን የማያውቁ አልነበሩም። ቁጥጥር ማብዛትም ብቻውን አላዳነም፤ ሦስት ሰዎች በአንድ የተዛባ መነጽር ቢመለከቱ ሦስቱም የሚያዩት ያንኑ የተዛባ ነገር ነውና። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢሳሳት ጥፋቱ የሰውዬው ሊሆን ይችላል። የተለያዩ ሠራተኞች በአንዱ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲሠሩ ግን አስቀድሞ መመርመር ያለበት ቦታው ነው። በደጃፍ ላይ ያለ ድንጋይ ገቢውን ሁሉ የሚያደናቅፍ ከሆነ፥ እግረኛውን ከመገሠጽ ድንጋዩን ማንሣት ይቀላል።

ጉድለቱን በጥቂት ሰዎች ስለ ማግኘት

ብዙ ሰው የፕሮግራምን ጉድለት መመርመር የባለሙያ ሥራ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ በመረመሩአቸው ሥራዎች ውስጥ አንድ ተጠቃሚ ሲሠራ በመመልከት ብቻ በአማካይ ከጉድለቶቹ 31 በመቶ ያህሉ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ሁለተኛው ሰው ከፊሉን ይደግማል፥ ከፊሉንም አዲስ ያመጣል፤ በዚህ ስሌት አምስት ሰዎች ሲታዩ ከጉድለቶቹ 85 በመቶ ያህሉ ይገለጣል። ይህ ቁጥር አማካይ እንጂ በሁሉ ቦታ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ተጠቃሚዎቹ እጅግ የተለያዩ ሲሆኑ ወይም ሥራው የተወሳሰበ ሲሆን ብዙ ሰው ማየት ያስፈልጋል። ቢሆንም ለአንድ መደብር ባለቤት የሚሰጠው ምክር ጠቃሚ ነው፤ ይኸውም አራት ወይም አምስት ሠራተኞችን ለግማሽ ቀን በጥሞና መመልከት ብዙ ምስጢር ይገልጣል ማለት ነው። የአመለካከቱም ሥርዓት ከዚህ በታች የተዘረዘረው ነው።

አንደኛ፥ የሚፈተነው ሥራ የዕለት ተዕለት ሥራ መሆን አለበት። በዱቤ መሸጥ፥ የተመለሰ ዕቃ መቀበል፥ በስሕተት የወጣ ደረሰኝ ማረም፥ ለአቅራቢ ገንዘብ ማስተላለፍ ከዚህ ይቈጠራሉ። ለሠራተኛውም ትእዛዙ የሚሰጠው በንግድ ቋንቋ ነው። «ለዚህ ደንበኛ 3 ካርቶን ሳሙና በዱቤ ሽጥ» ይባላል እንጂ «ሽያጭ የሚለውን ቁልፍ ተጫን» አይባልም፤ ቁልፉን ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ የፈተናው ክፍል ነውና።

ሁለተኛ፥ የሚፈተኑት ሰዎች ፕሮግራሙን በእርግጥ የሚሠሩበት ሰዎች ይሁኑ። በኮምፒዩተር የተካነው የባለቤቱ ልጅ ያለ ችግር ቢሠራበት፥ ትናንት የተቀጠረችው ገንዘብ ተቀባይ ወይም ዕድሜው የገፋው የመጋዘን ኃላፊ ይሠራበታል ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፥ የሚፈተነው ፕሮግራሙ እንጂ ሠራተኛው እንዳልሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ ከደመወዝም ሆነ ከዕድገት ጋር እንዳይገናኝ ቃል ይሰጥ። ሠራተኛው ከፈራ ስሕተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ አይታረምም።

አራተኛ፥ ተመልካቹ ዝም ይበል። «እዚያ ነው፥ ያንን ተጫን» እያለ የሚረዳ ሰው ጉድለቱን በገዛ እጁ ይሸፍነዋል። ፕሮግራሙን የሚሸጠው ሰው ራሱ እየነካካ የሚያሳየው ትርኢትም ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ በቅሎ በለመዳት ጌታዋ ሥር ስትረግጥ ማየት ለገዢው እንዴት እንደምትሆን አያስረዳም።

አምስተኛ፥ ሠራተኛው ሲሠራ የሚያስበውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር ይጠየቅ፤ ተመልካቹም የተሳሳተበትን ብቻ ሳይሆን ያመነታበትን፥ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ቦታ ሁሉ ይጻፍ። ከዚህም ጋር በጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን መመልከት ይገባል። በስክሪኑ ጠርዝ ላይ «ይህን ሳትጫን ያንን አትጫን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ከተገኘ፥ ወይም ሠራተኛው ከኮምፒዩተሩ ጎን የራሱን ደብተር የሚይዝ ከሆነ፥ ፕሮግራሙ ያላሟላውን ነገር ወረቀቱ እየሞላው መሆኑ የታወቀ ነው።

በአገራችን ንግድ ዘወትር የሚያጋጥሙ ጉድለቶች

የመስፈሪያ አለመገለጽ። ፕሮግራሙ «ብዛት» ብሎ ይጠይቃል፤ ካርቶን ይሁን ፍሬ ግን አይናገርም። ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ካርቶን 24 ሳሙና የሚይዝ ቢሆንና ሠራተኛዋ 3 ካርቶን ሸጣ «3» ብላ ብትመዘግብ፥ ፕሮግራሙም የሚቈጥረው በፍሬ ቢሆን፥ ከመጋዘኑ 72 ሳሙና ይወጣል፥ ከመዝገቡ ግን 3 ብቻ ይቀነሳል። ቈጠራ በሚደረግበት ቀን 69 ሳሙና ይጎድላል፤ ጎድሎ የሚገኘውም በመጋዘን ኃላፊው እጅ ነው። ማረሚያው አንዲት ቃል ናት፤ ከሣጥኑ ጎን «ፍሬ» ወይም «ካርቶን» ተብሎ ይጻፍ፥ ሁለቱም የሚሸጡ ከሆነ ሠራተኛው እንዲመርጥ ይደረግ።

የቀን አቆጣጠር። 05/06/2017 የሚል ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይህም በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025 ነው። ያንኑ ጽሑፍ እንግሊዛዊ ጁን 5 ቀን 2017፥ አሜሪካዊ ደግሞ ሜይ 6 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ለላኪና ለአስመጪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በባንክ የመተማመኛ ሰነድ በሚደረግ ንግድ፥ ዩ.ሲ.ፒ. 600 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት፥ ሰነዱ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር የጭነቱ ወረቀቶች ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለባቸው። በቀን አጻጻፍ የተሳሳተ ነጋዴ እንግዲህ ዕቃውን ልኮ ክፍያውን ሊያጣ ይችላል። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ቢጻፍ፥ ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ቢታዩ፥ ስሕተቱ ይወገዳል። 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ፕሮግራም ውስጥ ጳጉሜን ስፍራ እንደሌላት ሁሉ፥ የጠዋቱን ሦስት ሰዓት 3፡00 ብሎ የሚመዘግብ ሠራተኛ በውጭ አገር ፕሮግራም ውስጥ ሌሊት እንደ ጻፈ ይቈጠርበታል።

የስም አጻጻፍ። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ብዙው የውጭ አገር ፕሮግራም ግን የቤተ ሰብ ስም ካልተሰጠኝ አላልፍም ይላል። በዚህም ምክንያት አንዱ ሠራተኛ የአባትን፥ ሌላው የአያትን ስም ያስገባል፤ በደረሰኝና በባንክ ወረቀት ላይ ያለው ስምም ሳይስማማ ይቀራል። ከዚህ የሚከፋው የፊደል ጉዳይ ነው። ኃይሉ የተባለ ደንበኛ በአንድ ቀን በ«ኃ»፥ በሌላ ቀን በ«ሀ» ቢመዘገብ፥ ድምፁ አንድ ሲሆን ለፕሮግራሙ ግን ሁለት ሰው ነው። ዕዳው በሁለት መዝገብ ይከፈላል፤ የዱቤው ወሰን በአንዱ ላይ ሲሞላ በሌላው ላይ እንደገና ይሰጠዋል። «ሰ» እና «ሠ»፥ «አ» እና «ዐ»፥ «ጸ» እና «ፀ» የሚገኙባቸው ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ፕሮግራሙ ስም በሚፈልግበት ጊዜ እነዚህን ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ እንዲቈጥራቸው ማድረግ ይቻላል፤ እስከዚያው ግን ደንበኛው በስልክ ቁጥሩ ቢፈለግ ይሻላል።

የቁጥር አጻጻፍ። 1000000 ተብሎ የተጻፈን ገንዘብ ዓይን ከ100000 ለመለየት ይቸገራል፤ 1,000,000 ተብሎ ሲጻፍ ግን ይታያል። በነጥብና በነጠላ ሰረዝም አገሮች አይስማሙም፤ በጀርመን 1.500 አንድ ሺህ አምስት መቶ ሲሆን፥ እዚህ አንድ ተኩል ነው። ከውጭ ደንበኛ የመጣ ሒሳብ ወደ ፕሮግራም ሲገባ ይህን ማስተዋል ያሻል። ገንዘብ በሚተላለፍበትም ጊዜ፥ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ሙሉ ስምና የገንዘቡን ልክ በግልጽ አሳይቶ የሚያረጋግጥ ፕሮግራም ሊመረጥ ይገባል።

የማስጠንቀቂያ ብዛት። በየደረጃው «እርግጠኛ ነዎት?» እያለ የሚጠይቅ ፕሮግራም ጠንቃቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ሳያነብ «አዎን» ማለትን ይለምዳል። የቶኪዮው ጥፋት ከዚህ የመጣ ነው። ማስጠንቀቂያ ጥቂት ይሁን፤ ሲመጣም «የመሸጫው ዋጋ ከተገዛበት ያንሳል» እንደሚል ያለ የነገሩን ምክንያት ይናገር። ከሁሉም የሚበልጠው፥ የተሠራን ስሕተት ወዲያው ለመመለስ የሚያስችል መንገድ መኖሩ ነው።

የትኛው ይቅደም?

ምርመራው ሲያልቅ የጉድለቱ ዝርዝር ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ማረም ግን አይቻልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጉድለት ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ ስንት ጊዜ ያጋጥማል? ባጋጠመ ጊዜ ምን ያህል ያስከፍላል? ሠራተኛው አንድ ጊዜ ካወቀው ይቀራል ወይስ ዘወትር ይመለሳል? አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም ገንዘብን ወደ ማይመለስበት የሚልክ ጉድለት፥ በየቀኑ ጥቂት ሴኮንድ ከሚያባክነው ይቀድማል። ከታረመም በኋላ ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኞች እንደገና ይታዩ። የተጠገነ ሚዛን ሳይፈተሽ አይሠራበትምና፤ አንዱን ስሕተት የሚያስወግድ ለውጥ ሌላውን ሊወልድ ይችላል።

ፕሮግራሙን ራሱ ሊለውጥ የማይችል ነጋዴ ምን ያድርግ?

አብዛኛው ባለ መደብር ፕሮግራሙን የሚገዛው ተሠርቶ ያለቀውን ነው። ቢሆንም አራት ነገሮች በእጁ ናቸው። የመጀመሪያው፥ ጉድለቱን ለሻጩ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። «ፕሮግራሙ አስቸገረን» የሚል አቤቱታ ፍሬ የለውም፤ ሠራተኛው ምን ሊሠራ እንደ ነበረ፥ የትኛውን ገጽ እንደ ከፈተ፥ ምን እንደ ጠበቀ፥ ምን እንደ ሆነ፥ ስንት ሰው በዚያ ቦታ እንደ ተሳሳተ ከስክሪኑ ፎቶግራፍ ጋር ቢቀርብ ግን ሻጩ ሊክደው አይችልም። ሁለተኛው፥ ቃልንና ቅንብርን መለወጥ ነው፤ ብዙ ፕሮግራም የዕቃን ስም፥ መስፈሪያንና የማያስፈልጉ ሣጥኖችን ባለቤቱ ራሱ እንዲያስተካክል ይፈቅዳል። ሦስተኛው፥ እስኪታረም ድረስ ጊዜያዊ መከላከያ ማበጀት ነው፤ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ የሚላከውን ሁለተኛ ሰው ስክሪኑን ሳይሆን ዋናውን የወረቀት ሰነድ ይዞ እንዲያመሳክር ማድረግ ለዚህ ይጠቅማል። አራተኛው፥ ከመግዛት በፊት መፈተን ነው። ነጋዴ ቡና ሲገዛ ናሙና ያያል፤ ፕሮግራምም ሲገዛ የራሱ ሠራተኞች በራሱ ሥራ ላይ ሊሞክሩት ይገባል። በሙከራ ጊዜ የተገኘው ጉድለት በስንት ቀን እንደሚታረም በውሉ ውስጥ ቢጻፍ፥ ኋላ ከሚመጣው ክርክር ይድናል።

ሠራተኛን ማሠልጠን ይበቃል የሚል አስተያየት ሊቀርብ ይችላል። ሥልጠና አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ሠልጣኙ ሥራውን ሲለቅ ሥልጠናው አብሮት ይሄዳል፤ የታረመው ፕሮግራም ግን ከመደብሩ አይወጣም። በሌላ በኩል፥ ጉድለት ሁሉ የፕሮግራሙ ነው ማለት አይደለም፤ በንግድ ቤት ውስጥ ስርቆትም ቸልተኝነትም አለ። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው ግን ይኸው ምርመራ ነው። ፕሮግራሙ ግልጽ ሆኖ በተስተካከለበት ቤት ውስጥ እምነት ያጎደለ ሰው «ማሽኑ ነው ያሳሳተኝ» የሚልበት ምክንያት ያጣል፤ ታማኙም ሠራተኛ ባልሠራው ጥፋት ስሙ አይጠፋም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቈጠራ 69 ሳሙና ጎድሎ የተገኘበት ባለ መደብር፥ የመጋዘን ኃላፊውን ጠርቶ ከመጠየቁ በፊት፥ ገንዘብ ተቀባይዋ ሽያጭ ስትመዘግብ ለአንድ ሰዓት ከኋላዋ ቆሞ በዝምታ ይመልከት። ያንን አንድ ሰዓት በመቆጠብ የሚያጣው፥ ሳሙናውን ብቻ ሳይሆን ብዙ ዘመን ያገለገለውን ታማኝ ሰውም ጭምር ሊሆን ይችላል።